ስልሳ አንድ ላይ የቆመችው ቆጣሪ

ጋሽ አብዱልሰላም ማይል የምትባለውን ቃል አይወዳትም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሰናዒያ በሚባለው ሰፈር፣ ጋራዦቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ጎማና መለዋወጫ ይሸጣል። ከዚያ ጎን ለጎን «መንገደኛ» የምትባል ባለ ሁለት ገጽ የአማርኛ ጋዜጣ በፎቶ ኮፒ እያባዛ ያወጣል። የፊቱ ገጽ የሱ ነው። የኋላው፣ የመኪና ገጹ፣ የኔ ነው።

«ስማ ክብርኣብ» አለኝ ሥራ የጀመርኩ ዕለት። «ማይል የእንግሊዝ ነው፣ ጋሎን የሱዳን ነው፣ ቁና የእናትህ ነው። እኔ ጋዜጣ ላይ ኪሎሜትር፣ ሊትር፣ ኪሎ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ምክንያት ነበረው። ከኔ በፊት ጋዜጣዋ ስለ አንድ መኪና «በጋሎን ይህን ያህል ይሄዳል» ብላ ጽፋ፣ አንድ ሾፌር አምኖ ወጥቶ የገለባት መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ቀርቷል። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ሱቁ በር ላይ የተሳደበውን ስድብ የሰናዒያ ልጆች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አብዱልሰላም የምጽፈውን ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚጠብቀው።

መኪና ለመጻፍ የራሴ ልማድ አለኝ። አንዲት ቃል ሳልጽፍ ገብቼ ብቻዬን እቀመጣለሁ። በሩንም መስኮቱንም እዘጋለሁ። መኪና ውስጥ የሰው ነገር ይቀራል፤ ወንበሩ ላይ የጀርባ ቅርጽ፣ መሪው ላይ የመዳፍ ልስላሴ፣ የማላውቀው ሰው የትንባሆ ወይም የሰሊጥ ሽታ። ያ ሲገባኝ ነው ብዕሬን የማነሳው። ልጆቹ «ገባ፣ ሊጸልይ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ቡክሲዋን ያመጣት ኸይሩ ነው። ኸይሩ አሮጌ መኪና እየገዛ አድሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ከጋሽ አብዱልሰላም ሱቅ ጀርባ ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ አለው። ቡክሲ የምንለው ከኋላ ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነው። ይቺኛዋ ግራጫ ናት፤ የግራ በሯ ግን ከሌላ መኪና የተገጠመ አረንጓዴ። ከአሜሪካ በዱባይ ዞራ የገባች ስለሆነች መለኪያዋ በማይል ነው። ወደ ገዳሪፍ የመጣችው ግን ከቁረይሻ እርሻዎች፣ ሎሪ ላይ ተጭና ነው።

«ለምን ተጭና?» አልኩት።

«ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ቆማ ባትሪዋ ሞቶ ነበራ። የሎሪው ባለቤት ነው የሸጠልኝ። ሾፌሯ ጥሏት ሄደ አለኝ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ያ ዞል፣ አንተ መኪና ጻፍ። ሰው አትጻፍ።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኩለ ቀን ነበር፤ የግቢው ቆርቆሮ በሙቀት ቋ፣ ቋ ይላል። ውስጡ ግን ዝናብ ያባረረው ሰው አሁን ገብቶ የተቀመጠበት ይመስል ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከትልቁ ቆጣሪ ሥር፣ ትንሽ ቆጣሪ አለች። ሾፌር ከቤቱ ሲነሳ ቁልፏን ተጭኖ ዜሮ ያደርጋታል፣ እሷም የዚያን ጉዞ ርቀት ብቻ ትቆጥራለች። ስልሳ አንድ ላይ ቆማለች። ቁልፏ በጣት ብዛት ቀለሙ ተልጦ ያብረቀርቃል። ከመሪውም ከማርሹም ይልቅ የሰው እጅ የለመደው እሱን ነው።

ያንን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። «ግራጫ ቡክሲ፣ የግራ በሯ አረንጓዴ፣ ከቁረይሻ የመጣች፣ ትንሿ ቆጣሪዋ 61 ማይል ላይ የቆመች» ብዬ ጻፍኩ።

«ትንሿን ቆጣሪ ማን ይገዛታል፣ ያ ኡስታዝ?» አለ ጋሽ አብዱልሰላም። ቢሆንም ተዋት። «ማይል» የምትለዋን ብቻ በቀዩ ሰርዞ ከላይዋ «ኪሎሜትር» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ ቁጥሩም ይቀየራል እኮ። ማይል ከኪሎሜትር ይረዝማል።»

«ቁጥሩን ማን ነካው? ቁጥሩ የመኪናዋ ነው፣ ቋንቋው የኔ ነው» አለና ወረቀቱን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ላከው።

ጋዜጣዋ ወጣች፤ ጋራዦቹ በር ላይ ተለጠፈች፣ በሚኒባስ ወደ ስደተኛ ካምፖቹም ሄደች።

ቡክሲዋን የሚገዛ ጠፋ። ሰው ይመጣል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፣ ይወዳታል። ከዚያ ገብቶ ይቀመጥና ወዲያው ይወጣል። «አስቤበት እመለሳለሁ» ይላል፤ ተመልሶ የመጣ የለም። አንዱ ጭራሽ ሲወጣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ዞር ብሎ እያየ «ይቅርታ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ሌላው ነገር ጭቃው ነው። ኸይሩ ሌባ ስለሚፈራ የቡክሲዋን ባትሪ ነቅሎ ጋሽ አብዱልሰላም ሱቅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የሞተሯ ቁልፍ ከወገቡ አይወርድም። ጁምዓ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሱቁም ግቢውም ይዘጋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሲከፈት አልፌ ስሄድ የቡክሲዋ ጎማዎች በጥቁር ጭቃ ተለውሰው አየሁ። ከተማው ዝናብ ካየ ወራት አልፎታል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ጭቃውን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው። ውስጡ ኩሬ ዳር የሚገኙት ትናንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ነበሩ።

«ልጆች ውሃ ደፍተው ነው» አለ ኸይሩ።

«ቀንድ አውጣውንስ?»

«አንተ ልጅ፣ ማግባት አለብህ፣ ወላሂ» ብሎ በባልዲ አጠበው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከኔ ቀድሞ መጥቶ፣ ባልዲውን ሳያነሳ ጎማው ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ጭቃው ከነቅርፊቱ ተመልሷል። ያን ቀን ስለ ማግባት አልነገረኝም።

ራሕዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቱነይድባ ካምፕ ገበያ ውስጥ ሻይ የምትሸጥ፣ ከኔ በጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ጋዜጣችንን አራት ቦታ አጥፋ በመዳፏ ይዛለች። ሱቁ ውስጥ ቆማ ማናችንንም ሰላም ሳትል «ይህን የጻፈው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«የወንድሜ መኪና ናት። ክንፉ ይባላል።»

ኸይሩ ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ተነሳ። «እህቴ፣ በሕግ የገዛኋት ናት። መኪናዬን ልትቀሚኝ ከሆነ...»

«መኪናህ ይባረክልህ። እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው።»

ጋሽ አብዱልሰላም ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም። ክንፉ በክረምቱ መግቢያ አራሚዎች ጭኖ ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ሄደ። ሰዎቹን አውርዶ ሌላ ጭነት ፍለጋ ብቻውን ወደ ፊት ቀጠለ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እናታቸው ካምፑ ውስጥ ታማ ተኝታለች። ሞተ ብለው ልቅሶ እንዳይቀመጡ ምልክት የለም፤ አለ ብለው እንዳይጠብቁ ወራት አልፏል። «እማዬ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለኝ» አለች። «ልቅሶዬን ሳልቀመጥ እንዳልሞት።»

«ስለ ቆጣሪዋ ግን ሰው እንዴት አወቀ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ከቤት ሲነሳ ቁልፏን የምጫናት እኔ ነበርኩ። መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ። በመስኮት እጄን አስገብቼ ዜሮ አደርጋታለሁ፣ ‘በሰላም ግባ’ እለዋለሁ። ሲመለስ ‘ዛሬ አርባ ነው፣ ዛሬ ሰባ ነው የሄድኩት’ ይለኛል። ኪሎሜትር ይሁን ምን ይሁን አናውቅም፤ ለኛ ቁጥር ነው። አሁን እናንተ ስልሳ አንድ ኪሎሜትር ብላችሁ ጻፋችሁ። መኪናዋ የትም አትሄድም ብዬ መጀመሪያ ወደዚያ ሄድኩ። በሎሪ፣ ከበራችን ስልሳ አንድ ኪሎሜትር አስቆጥሬ ወረድኩ።»

«ምን አገኘሽ?»

«ሜዳ። ዛፍ እንኳን የለም። ስሙን ጠራሁ። የሎሪው ሰዎች አፈሩልኝ መሰለኝ፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ጋሽ አብዱልሰላም ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«ራሕዋ» አልኳት፣ «ማይል ነው። መኪናዋ የአሜሪካ ናት። ስልሳ አንድ ማይል ማለት ወደ ዘጠና ስምንት ኪሎሜትር ነው። የወረድሽበት ቦታ ከመንገዱ እኩሌታ ጥቂት አልፎ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም።»

«እና ገና ይቀረኝ ነበር?» አለች። ልብሷን በጥርሷ ነከሰች።

«ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ ጋሽ አብዱልሰላም። «ኪሎሜትር ያልኩት እኔ ነኝ። ኸይሩ፣ ባትሪውን ግጠም። ነዳጁ በኔ።»

ኸይሩ አልተከራከረም። ከዚህች መኪና ጋር ብቻውን መሆን ካቆመ ሰንብቷል።

በማግስቱ ማለዳ ሦስታችን፣ ኸይሩ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል፣ ራሕዋ በበሩ በኩል ሆነን ወደ ቱነይድባ ተነሳን። ራሕዋ ቁጥሩ ከበሯ መጀመር አለበት ብላለች። መንገዱን በሙሉ ትልቁ ቆጣሪ ሲዞር ትንሿ ስልሳ አንድ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«ተበላሽታለች፤ በከንቱ ነው የምንሄደው» አለ ኸይሩ።

የጭቃ ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ራሕዋ ወርዳ በሾፌሩ በኩል ዞረች፣ በመስኮቱ እጇን አስገባች፣ ቁልፏን ተጫነች። ትንሿ ቆጣሪ ጠቅ ብላ ዜሮ ሆነች። ራሕዋ አፏን ከፈተች፣ ግን «በሰላም ግባ» አላለችም። ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ካምፑን ስንለቅ ቆጣሪዋ አንድ አለች፣ ከዚያ ሁለት።

ወደ ቁረይሻ የሚወስደው የእርሻ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። የታጨደ ማሽላ ግራና ቀኝ፣ ከፊት ለፊት ነጭ ሰማይ። ነፋስ አልነበረም፤ አቧራው ከኋላችን ተነስቶ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ራሕዋ ወርዳ የጠራችበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ኸይሩም ቀልዱን ተወ። እኔ ቆጣሪዋን ብቻ አያለሁ። ሃምሳ ስትል በረደኝ፤ ፀሐይ ጉልበቴ ላይ እያለች በረደኝ። ስልሳ ስትል ኸይሩ «ምንም የለም እኮ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ስልሳ አንድ ስትል ሞተሩ ጠፋ።

ኸይሩ እግሩን ነዳጅ ላይ እንደያዘ ነው። መኪናዋ በቀስታ ተንሸራታ ከመንገዱ ወጣች፣ ልማደኛ በሬ በረቱን እንደሚያውቅ፣ አንድ ሐፊር ዳር ቆመች። ሐፊር እዚህ አገር ለዝናብ ውሃ የሚቆፈር ሰፊ ኩሬ ነው። ዳርቻው ጥቁር ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ቀንድ አውጣ። አጠገቡ አንድ የእሾህ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ የሣር ዳስ።

ከዳሱ አንድ ሽማግሌ ወጣ፤ የሐፊሩ ጠባቂ ነው፣ ሱዳናዊ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየን። ሰላምታውን ሲጨርስ በዐረብኛ «ዛሬስ ወረዳችሁ» አለ።

«እንዴት ዛሬስ፣ ያ ዐም?» አለው ኸይሩ።

«በየጁምዓው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ትመጣላችሁ፣ እዚሁ ትቆማላችሁ። ያ አረንጓዴ በር ይከፈታል፤ የሚወርድ የለም። ሻይ ልሰጥ ስመጣ ሄዳችኋል። ዐይኔ ነው እንዳልል፣ የጎማችሁ መንገድ ይኸው።»

ኸይሩ ጎንበስ ብሎ ጭቃው ላይ የታተመውን አየ። እኔም አየሁ። የቡክሲዋን የፊት ግራ ጎማ ገዳሪፍ ከገባች በኋላ የቀየረው ኸይሩ ራሱ ነው፤ ከጋሽ አብዱልሰላም የገዛው፣ ጥርሱ እንደ ዓሣ አጥንት የሆነ ጎማ። ጭቃው ላይ የዓሣ አጥንቱ አለ፤ አዲሱ አሻራ በአሮጌው ላይ ተደራርቦ።

«ቢስሚላህ» አለ ኸይሩ፤ ከዚያ ወዲያ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

ራሕዋ ጎማም ጭቃም አላየችም። ሽማግሌውን ነው የምታየው። በቁርጥራጭ ዐረብኛዋ «ሾፌሯ የት ነው?» አለችው።

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። «አንቺ ማነሽ?»

«እህቱ።»

ወደ ዛፉ ጠቆማት። ከግንዱ ሥር ረዘም ያለ የአፈር ክምር፣ ራስጌው ላይ አንድ የመኪና መስተዋት ቆሟል።

ወባ ነበረች። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ መኪናዋ ጭቃ ስትይዝ ክንፉ ቀድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌውና የሰሊጥ ሠራተኞቹ ከመኪናዋ አውርደው ዳሱ ውስጥ አስተኙት። መድኃኒት አልነበራቸውም።

«ቤትህ የት ነው አልነው» አለ ሽማግሌው። «የካምፑን ስም ቢነግረን ኖሮ። ትኩሳቱ አፉን ይዞት፣ አንድ ነገር ብቻ ይላል። ወደ መኪናዋ እያሳየ ‘ዋሕድ ወሲቲን፣ ዋሕድ ወሲቲን’። ገብተን አየን። እውነት ነው፣ ስልሳ አንድ ይላል። ቤቱ ስልሳ አንድ ኪሎ ላይ ነው አልን። ሞተር ሳይክል ያለው ልጅ በዚያ ጭቃ እየወደቀ እየተነሳ ሄደልን። ስልሳ አንዱ ላይ ሲደርስ ሰፈር የለ፣ ሰው የለ። ቆሞ ጮኸ፤ የመለሰለት የለም። ሲመለስ ወንድምሽ ሞቷል።»

ለራሕዋ ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳት። የነሱ ሰው ከዚህ ተነስቶ በኪሎሜትር ቆጥሮ ባዶ ሜዳ ላይ ጮኸ፤ ራሕዋ ከዚያ ተነስታ በኪሎሜትር ቆጥራ ሌላ ባዶ ሜዳ ላይ ጮኸች። ሁለቱም አንዱን ቁጥር ይዘው፣ መንገዱ ላይ ሳይገናኙ ተላለፉ።

«እንደኛ ሥርዓት ነው የቀበርነው» አለ ሽማግሌው። «የናንተን አናውቅም። ዐፉ በይን።»

ራሕዋ ሄዳ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመች። ከዚያ ክምሩ አጠገብ ተቀምጣ መስተዋቱን በልብሷ ወለወለችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። መስተዋቱ ሲጠራ የሷን ፊት አየሁ፣ ከሷ በላይ የኔን አየሁ፤ ከኔ ጀርባ ደግሞ የቡክሲዋ አረንጓዴ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት። ዞርኩ። በሩ ተከፍቷል። ኸይሩ ከመኪናዋ ርቆ፣ ከኩሬው ማዶ ቆሞ ፊቱን እየታጠበ ነው።

«ሓወይ» አለች ራሕዋ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ዞራም አላየችም። «ተነስ እንሂድ። እማዬ እየጠበቀች ነው።»

ኸይሩ እንደገና መሪ ለመያዝ ብዙ አስለመነን፤ በኋላ ግን ያዘ። ራሕዋ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ቁልፏን ተጫነች። ዜሮ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ።

ከሐፊሩ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ኸይሩ ማርሽ ቀየረ፣ እንደገና ቀየረ። «ከብዳለች» አለ በሹክሹክታ። «ባሌስትራው ወርዷል። ከኋላ ምን ጫንን?»

ምንም አልጫንንም። ኋላ ማየት የምንችልበት መስኮት ከራሳችን ጀርባ ነበር፤ ሦስታችንም አላየንም። ጉድጓድ ስንገባ የኋላ አካሏ ሰው እንደተቀመጠባት መኪና ጓ ብሎ ያርፋል። ራሕዋ በየጉድጓዱ «ቀስ በል፣ ኸይሩ፣ ቀስ» ትለዋለች፤ እሱም እሺ ይላታል።

ቱነይድባ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጆች ከቧንቧ ውሃ ይቀዱ ነበር፤ መኪናዋን ሲያዩ መቅዳቱን ትተው መንገድ ለቀቁ። የራሕዋ በር ላይ ቆምን። ትንሿ ቆጣሪ ስልሳ አንድ አለች።

ማንም ሳይወርድ፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ የመኪናዋ የኋላ አካል ቀስ ብሎ ከፍ አለ። የባሌስትራውን ሲጥጥታ ሦስታችንም ሰማነው። ከቤቱ ውስጥ የእናትየዋ ድምፅ «ማነው?» አለ።

ራሕዋ ወረደች። የቤቱን በር ከፈተች፤ ራሷ ግን አልገባችም። እንግዳ እንደሚያስቀድም ሰው ወደ ጎን ቆማ በሩን በእጇ ይዛ ጠበቀች።

«ግባ» አለች።

ትንሽ ቆይታ እሷም ገባች። ወዲያው ከውስጥ ለወራት የተያዘው ልቅሶ ተሰማ፤ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያነሱ ከየቤታቸው መውጣት ጀመሩ።